አርባኛው ዝንጅብል

ጌም ልጅ አያፈዝም። ያፈዛል የሚሉ ወላጆችን፣ መምህራንንና ሰባኪዎችን ለዓመታት ሰምቻለሁ፤ ከሁሉም ጮክ ብዬ እል የነበርኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ስለዚህ ክርክሩን ከነማስረጃው አውቀዋለሁ። አንዱም ማስረጃ ጌም ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ከተቀመጠ ሰው አፍ የወጣ አይደለም። እኔ አንድ ቅዳሜ ገብቼ ነበር። ልቀመጥ ግን አልቻልኩም፤ አስነሡኝ።

ሌላም የሚባል አለ። የሥዕል ተማሪ ረጋ ያለ፣ መስኮት ዳር ተቀምጦ ደመና የሚያይ ፍጡር ነው ይባላል። ይህን ያለ ሰው የሥዕል ተማሪ አሳድጎ አያውቅም። እኔ ቤት ያደገችው ምሳ እንኳ ተቀምጣ አትበላም ነበር። በአንድ እጇ ጉርሻ፣ በሌላው ስልክ፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተጀምሮ ሦስት ጊዜ የተተወ ንድፍ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ አስቀድሜ ልናገር፤ ኋላ እንዳታዝኑልኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ሶዶ ውስጥ አማርኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ፣ አልፎ አልፎ ጋዜጣ ላይ የምጽፍ፣ ያነበብኩትን መጽሐፍ ላላነበበ ሰው መንገር የምወድ ሰው ነበርኩ። የተወለድኩት ቦምቤ ነው፣ ከዝንጅብል ማሳ አጠገብ። የአፍ መፍቻዬ ወላይትኛ ነው። አማርኛን የተማርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ፣ ስሳሳት እየተሳቀብኝ ነው። ተስቆበት የተማረ ሰው ቋንቋውን እንደ ውርስ አይይዘውም፤ እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ ይሰካዋል። ሶዶ ውስጥ ደግሞ አማርኛ የሚያርም ሰው ሥራ አይፈታም። እዚህ እናት “መጣ” ትባላለች፤ ወንድሟ “መጣች” ሊባል ይችላል፤ ሁሉም ይግባባል፤ ከእኔ በስተቀር ማንም አይታመምበትም። ሁለት እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ቤት ውስጥ ከወዲህ ወዲያ እየተንጎራደድኩ፣ ከሚስቴ ጀምሮ እስከ ዜና አንባቢው ድረስ አርማለሁ። ሚስቴ ማርታ ለጎረቤት “የእኔ ባል ሰላምታም ቢሆን አርሞ ነው የሚመልሰው” ትላለች።

ልጃችን ፌቨን ትባላለች። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሳ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የሥዕል ትምህርት ትማራለች፤ በቀረው ቀን ጌም ትጫወታለች፤ በመካከል ደግሞ “ፕሮጀክት” አላት። ፕሮጀክት ማለት በእኛ ቤት የማያልቅ ነገር ስም ነው። አንድ ጊዜ “ሦስት ነገር ይዘሽ የትም አትደርሺም” ብላት፣

“አባ፣ በርጩማም የሚቆመው በሦስት እግር ነው” አለችኝ።

“በርጩማ ዝም ብሎ ይቆማል። አንቺ መቼ ቆመሽ ታውቂያለሽ?”

“አንተስ መቼ ተቀምጠህ ታውቃለህ?”

መልሱ አናደደኝ፤ ሰዋስዉ ልክ ስለነበር ግን የማርመው አጣሁ።

ከዚያ በሳምንቱ፣ ሰኞ ቀን፣ አንድ የግል ኮሌጅ አካውንቲንግ እንድትገባ መወሰኔን ነገርኳት። “እሺ” አለች። አማርኛ ውስጥ “እሺ” ቢያንስ ዐሥር ትርጉም አለው፤ አንዱ መስማማት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ይህን ያስተማርኩ ሰው ያንን አንዱን ብቻ መረጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ተሞልቶ የተፈረመበትን ፎርም አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ምዝገባው የሚዘጋው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ዓመት ያስተማራትን ሰው አመስግኖ መለየት ያባት ነውና፣ አምስት ሰዓት አካባቢ ወደ ሥዕል ክፍሉ ሄድኩ። ከገበያው በላይ ያለ የኪራይ አዳራሽ ነው። መምህሩ ማርቆስ ይባላል፤ ድሮ የሱቅ ታፔላ ይጽፍ የነበረ ቀጭን ሰው። ዐሥር የሚሆኑ ተማሪዎች አንድ እንስራና ሁለት የፕላስቲክ ብርቱካን ከበው እየሣሉ ነበር። ፌቨን የለችም።

“ጋሼ፣ ተሻላት?” አለኝ ማርቆስ ገና ሰላም ሳልለው።

“ማን?”

“ፌቨን። ታማ እንደሆነ ብዬ ነው። ከቀረች ስድስተኛ ቅዳሜዋ ነው።”

ስድስቱንም ቅዳሜ ደብተር ይዛ ከቤት ስትወጣ አይቻለሁ። በሩን የከፈትኩላትም ቀን አለ።

“ዛሬስ ትመጣለች ብዬ ነበር” አለ ማርቆስ። “አዲስ አበባ የሥዕል ትምህርት ቤቱ ለመግቢያ የተማሪ ሥራ እየተቀበለ ነው። የምልከው የሁለት ተማሪ ብቻ ነው። አንድ ጉዳይ፣ አርባ ሥዕል፤ ሠላሳ ዘጠኝ ቢሆን አይቀበሉም። አንዱን ቦታ ለእሷ ነው የያዝኩት፤ ቀኑንም ታውቀዋለች። ነገ ጠዋት መንገደኛ ይዞልኝ ይሄዳል። እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት እጠብቃታለሁ፤ ካልመጣች ለሌላ ልጅ እሰጠዋለሁ።”

ኪሴ ውስጥ ያለው ፎርም ደረቴን ሲቧጥጠኝ ይሰማኛል። ላመሰግን የመጣሁትን ሰው ሳላመሰግን ወጣሁ። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ ዝግ ነው። ማርታ ጋ ደወልኩ፤ የመዘምራን ልምምድ ላይ ናት፣ አታነሳም። ይታያችሁ፣ አካውንቲንግ ላስገባት ተነሥቼ ነበር፤ ሥዕሉን መተዋን ስሰማ ግን ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። ሰው በራሱ ጭካኔ ሌላ ሰው ሲቀድመው አይወድም።

ቀጥዬ የሄድኩት ኑሪ ሱቅ ነው። ኑሪ የስልጤ ሰው ነው፤ ወረቀትና ደብተር በጅምላ ያከፋፍላል። ፌቨን ወረቀቷን የምትገዛው ከእሱ ነው።

“ያንተ ልጅ?” አለ ካርቶን እየቀደደ። “ማክሰኞ መጥታ ወፍራሙን ወረቀት ወስዳለች። ምነው? ጠፋች?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ የት እንደምትውል ታውቃለህ?”

ኑሪ ካርቶኑን ተወው። “መምህር፣ እኔ ወሬ አልወድም።”

“እኔም አልወድም። ንገረኝ።”

“የእህቴ ልጆች ናቸው ያወሩት። ከመናኸሪያው ጀርባ የዘነበች ጌም ቤት አለ። እዚያ ዳታ የሚባል አለ አሉ፤ ማንም አሸንፎት የማያውቅ። ልጅህ እዚያ ነው የምትውለው ይላሉ። እኔ አላየሁም፤ አላህ ያውቃል።”

ዳታ! ለማያውቅ አንባቢ፦ ዳታ በወላይታ ከምግብ ጋር የምትቀርብ፣ በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አብረው የሚደቆሱባት፣ ዓይን የምታስለቅስ ማባያ ናት። ስሙን የሰማሁ ጊዜ ልጁን በዓይነ ኅሊናዬ ሣልኩት፦ ረጅም፣ ፀጉሩ የተንጨባረረ፣ ሱሪው የተቀደደ፣ ልጄን ከእንስራዋ ነጥሎ የወሰደ። እስከዛሬ የሣልኩት ብቸኛው ሥዕል እሱ ነው፤ መስመሩ ሁሉ ደግሞ ስህተት ነበር።

ጌም ቤቱን ሰባት ሰዓት ላይ አገኘሁት። አንድ ክፍል፣ አራት ቴሌቪዥን፣ ስምንት የፕላስቲክ ወንበር። ግድግዳው ላይ በትልቁ “የተሸነፈ ይነሳል” ተብሎ ተጽፏል። ፊደሉ የሚያምር ነበር፤ ማን እንደጻፈው አልጠየቅሁም። በዚያ ሰዓት ውስጥ የነበሩት ሁለት ጎረምሶች ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ተሰፍቶ የእኔን መግባት ልብ ያሉትም አይመስለኝም። ባለቤቷ ወይዘሮ ዘነበች፣ ተበላ በምትባል ከተማ ገበያ እህል ትነግድ የነበረች ደልዳላ ሴት፣ በሩ ሥር ቆማለች።

“መምህር! ይግቡ፣ ይግቡ። ታናሽ እህቴን አስተምረውት ነበር እኮ።”

“አስተምረዋት።”

“አዎ፣ አስተምረዋት። አሁን ሃላሌ ከተማ ነው ያለው፣ ወልዷል።”

“ወልዳለች።”

“ወልዳለች። ደህና ነው ግን።”

ተስፋ ቆረጥኩ። “ወይዘሮ ዘነበች፣ ዳታ የሚባለውን ፈልጌ ነው” አልኩ።

ፊቷ በራ። “ዳታማ የዚህ ቤት ንጉሥ ነው! እሱ ከተቀመጠ ማን ያስነሣል? ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ይሄዳል። ዛሬ ግን ስምንት ሰዓት አልፎ ነው እመጣለሁ ያለኝ።”

እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። ይህች ሴት ከአንድ ደቂቃ በፊት የገዛ እህቷን “ወልዷል” ያለች ናት። አርሜያታለሁ። አንድ ደቂቃ አልሞላም። “እሱ” ስትለኝ ግን አመንኳት። ደግሞስ ወላይትኛ እሱንና እሷን አጥርቶ የሚለይ ቋንቋ ነው፤ በእናቴ ቋንቋ ጠይቄያት ቢሆን በአንዲት ቃል ይለይልኝ ነበር። ግን እኔ የአማርኛ መምህር ነኝ፤ ጌም ቤት በር ላይም ቢሆን ሜዳሊያዬን አላወልቅም።

“ምን ዓይነት ልጅ ነው?” አልኩ።

“ጨዋ ነው። አይሳደብም። ሲያሸንፍም አይጮህም፤ ሌላው ሰው ሲጫወት ቁጭ ብሎ ይሥላል።”

“ይሥላል?”

ከጀርባዋ ካለው መሳቢያ ወፍራም የሥዕል ደብተር አወጣች። “እዚህ ነው የሚያስቀምጠው። ቤት አልወስድም ይላል። አባቱ ክፉ ነው መሰለኝ።”

ገለጥኩት። እጆች ናቸው። እጆች ብቻ። ጆይስቲክ የጨበጡ እጆች፤ አውራ ጣታቸው የተቆለመመ፣ ጅማታቸው የተወጠረ። የባጃጅ ዘይት ጥፍሩ ሥር የቀረበት እጅ። ቀለበት የጠበባት ጣት። ጥፍሩን የሚነክስ ሰው እጅ፤ ከጣቱ ጫፍ ያስታውቃል። በእያንዳንዱ ሥር በትንሹ ተጽፏል፦ ዝንጅብል አንድ፣ ዝንጅብል ሁለት፣ ዝንጅብል ሦስት። የቦምቤ ልጅ መሆን አለበት፣ ዝንጅብል የሚያመርት ቤት ያደገ፣ ብዬ ደመደምኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ቆጠርኩ። አርባኛው ገጽ ላይ “ዝንጅብል አርባ” ከሚለው በቀር ምንም የለም።

እውነቱን ልናገር። ልቤ ተነካ። ልቀጣው የመጣሁት ወሮበላ እንዲህ ማየት የሚችል መሆኑ አበሳጨኝ። ከዚያ ደግሞ ቀናሁ። ልጄ ሁለት ዓመት ተምራ እንዲህ ያለ መስመር አታውቅም፣ አልኩ በልቤ። አንድም ቀን ደብተሯን ቁጭ ብዬ አላየሁም፤ ይህን ከማለት ግን አልከለከለኝም።

ልጠብቀው ወሰንኩና ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዘነበች መጥታ ራሴ ላይ ቆመች።

“መምህር፣ ይቅርታ። እዚህ ቤት የማይጫወት አይቀመጥም። ወንበሩ የተጫዋች ነው።”

“ቆሜ ልጠብቅ ነው?”

“ወይ ተጫወቱ። ካሸነፉ ይቀመጣሉ። የተሸነፈ ይነሣል።”

እግሬ ደክሞኛል፤ ግማሽ ከተማ በእግሬ ዞሬአለሁ። “አምጪው” አልኩ። ታምራት የሚባል የባጃጅ ሹፌር ሥራ መሃል ሊያርፍ ገብቶ ነበር፤ ከእሱ ጋር ኳስ አጋጠሙኝ። ጆይስቲኩን ገልብጬ ይዤው ኖሮ አስተካክሎ አስያዘኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም፤ አምስት ለዜሮ። አምስተኛውን ያገባሁት እኔ ነኝ፣ ራሴ ላይ።

“አይዞት ጋሼ” አለ ታምራት። “ዳታ ቢሆን ኖሮ ዐሥር ነበር። ይነሡ በሉ።”

ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቆምኩ። ከበሩ እስከ ግድግዳው ስድስት እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ። ኮሌጁ ዐሥር ላይ ይዘጋል፤ ማርቆስ ዐሥራ አንድ ላይ። ደብተሩን እየከፈትኩ እዘጋለሁ። ለዳታ የምናገረውን ንግግር በልቤ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ። መጀመሪያ ስድብ ነበር። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ምክር ተለወጠ። ዘጠኝ ሊሆን ሲል፣ ልጄን እንዲያስተምርልኝ ልለምነው ሁሉ ቃጥቶኛል።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ፌቨን ናት። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ አቀበቱን በሩጫ ነው የወጣችው። ስታየኝ በሩ ላይ ደረቀች።

“አባ።”

“የት ነው?” አልኩ።

“ማን?”

“ያ ልጅ። አብራችሁ የምትውሉት።” መልሷን አልጠበቅሁም፤ ደብተሩን ከፍቼ ፊቷ ላይ ያዝኩት። “ስድስት ቅዳሜ ዋሽተሽኛል፤ እሱን ቤት እንነጋገራለን። መጀመሪያ ግን ይህን እዪ። ከሰው ልጅ ጋር ከዋልሽ አይቀር ይህን ተማሪ። ይሄ እጅ ያወራል። ይሄኛው ሰው ሥራ እንደፈታ ከአውራ ጣቱ ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለ መስመር ካንቺ አንድም ቀን አላየሁም።”

ፌቨን ደብተሩን አላየችም። እኔን ነው ያየችኝ፣ ረጅም ጊዜ።

“ጥሩ ነው ነው የምትለው?” አለች በቀስታ።

“ጥሩ? ከመምህርሽ ይበልጣል። ከኔም ምላስ ይበልጣል። የት አለ አሁን ይሄ ዳታ?”

ሁለቱ ጎረምሶች እንኳ ጨዋታቸውን አቁመዋል። ዘነበች አንዴ እኔን፣ አንዴ ፌቨንን ተመለከተችና ግራ ገባት።

“መምህር” አለች፣ “ይኸው መጣ እኮ። እሱ ነው።” በጣቷ ልጄን አመለከተች።

አንድ ነገር ልላት አፌን ከፈትኩ። የመጣልኝ “እሷ ናት” የሚለው እርማት ብቻ ነበር። አፌ ላይ ደረሰና፣ ትርጉሙ ከዚያ በኋላ ገባኝ።

ታምራት ሳቁን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረ።

“ለምን?” ብቻ አልኩ።

“ክፍል ውስጥ ያለው እንስራና ብርቱካን ነው” አለች ፌቨን። “እንስራ ጆሮ አለው እንጂ እጅ የለውም። እኔ ደግሞ እጅ ነበር የምፈልገው። ሶዶ ውስጥ እጁን ዘርግቶ አንድ ሰዓት የሚቀመጥልኝ ሰው ከየት ላምጣ? እዚህ ሁሉም ተቀምጧል፤ እጁም እንደተዘረጋ ነው። ግን ለመሣል መቀመጥ አለብኝ፤ ለመቀመጥ ደግሞ ማሸነፍ አለብኝ።” ግድግዳውን በአገጯ አመለከተች። “ስለዚህ ማሸነፍ ተማርኩ። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት ቆሜ ነው የዋልኩት።”

“ዝንጅብሉስ?”

ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። “ረሳኸው?”

ረስቼው ነበር። እሷ ስትነግረኝ ነው የመጣልኝ። የዛሬ ዓመት ግድም አንድ ሥዕል አምጥታ አሳይታኝ ነበር፤ የእናቷ እጅ ነበር። እኔ ቆሜ፣ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ አንገቴን ብቻ ዘንበል አድርጌ፣ “ይሄ እጅ ነው ወይስ የዝንጅብል ሥር?” አልኳት። ሥቄም ነበር። ጥሩ ቀልድ መስሎኝ ማታ ለማርታ ደግሜዋለሁ። ከዚያ በኋላ አንድም እጅ አላሳየችኝም፤ እኔም አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

“ለልጆቹ ነገርኳቸው” አለች። “ዝንጅብል ካለበት ዳታ ነው አሉ። ስሙ እንደዚያ ነው የወጣው።”

ሰዓቱ ዘጠኝ ከሩብ ይላል።

“ማርቆስ እስከ ዐሥራ አንድ ይጠብቃል” አልኩ። “አርባ ነው ያለው። ያንቺ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።”

“አውቃለሁ። አርባኛውን ለመሥራት ደብተሩን ልወስድ ነው የመጣሁት። ቤት ሄጄ አጣሁህ።”

“እኔን?”

“ያንተ እጅ ነው የቀረው። አንድ ዓመት ሙሉ ልሥለው ሞከርኩ። ሁልጊዜ ከጀርባህ ነው። ደግሞ አትቀመጥም።”

ፌቨን የራሷን ወንበር፣ ስክሪኑ ፊት ያለውን፣ ሳበችልኝ። ተቀመጥኩ። ዘነበች ግን ሕግ አክባሪ ናት።

“መምህር ተሸንፏል እኮ። የተሸነፈ እንዴት ይቀመጣል?”

“ቦታው የኔ ነው፤ ያሸነፍኩበት ነው” አለች ፌቨን። “ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።”

ዘነበች አሰበችበትና ፈቀደች።

“ባዶውን እጅ አልፈልግም። የሆነ ነገር ያዝ” አለችኝ ፌቨን። ኪሴን ስዳብስ የወጣው ፎርሙ ነው። አየችው። ምን እንደሆነ አውቃለች፤ ስሟ ከላይ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። “እሱን ያዝ” አለችና እርሳሷን አነሣች። “አትንቀሳቀስ።”

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ሰዓት የከበደኝ ሥራ የለም። አፍንጫዬን በላኝ። ለመናገር የሚያስፈልጉ ሰባት ነገሮች መጡብኝ። ቴሌቪዥኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ዘጠኝ ተኩል አለ፤ ከዚያ ሩብ ጉዳይ። ኮሌጁ በባጃጅ ዐሥር ደቂቃ ነው፤ አሁን ብነሣ እደርሳለሁ። ሥዕሉ ገና አንጓዬ ላይ ነው። ፌቨን ቀና ብላ ሰዓቱን አላየችም፤ እንደምታውቀው ግን አውቃለሁ። አልለመነችኝም። ዓይኗ እጄ ላይ ነው፤ እንደዚያ ሆኖ የታየ እጅ ደግሞ መሸሸጊያ የለውም። ስድሳ ዓመት ሊሆነው ጥቂት የቀረው፣ ጠመኔ ያደረቀው፣ አንጓው ያበጠ፣ ቋጠሮው የበዛ እጅ። እውነትም ዝንጅብል ነው።

ዐሥር ሊሆን አምስት ሲቀር ስልኬ ጮኸ። ከኮሌጁ ነው፤ ጠዋት “ፋይሏን ክፈቱልኝ፣ መምጣቴ ነው” ብዬ ነበር።

“ስልክዎት፣ ጋሼ” አለ ታምራት።

ቀኝ እጄ ፎርሙን ይዟል፤ ግራዬ ሥሩ ተደግፏል። ፌቨን እርሳሷን ከወረቀቱ አነሣች፤ ጠበቀች። ጮኸ፣ ጮኸ፣ ቆመ። እርሳሱ ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ዐሥር ሰዓት መጥቶ ሲያልፍ አየሁት፤ ምንም ድምፅ የለውም።

ለዐሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን “ተነሥ” አለችኝ። እግሬ ደንዝዞ ኖሮ ታምራት ደግፎ አስነሣኝ፤ ባጃጁም የእሱ ነበር። ማርቆስ የአዳራሹን በር ሊቆልፍ ሲል ደረስን፤ ተማሪዎቹ ወጥተዋል። ደብተሩን በቆመበት ገለጠ። ዐሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ እያዘገመ ሄደ። አርባኛው ላይ ቆመ። ፎርሙ በሥዕሉ ውስጥ የታጠፈ ነጭ ወረቀት ብቻ ነው፤ ምንም አልተጻፈበትም።

“ይህ የማን ነው?” አለ ማርቆስ። “ልክ የዝንጅብል ሥር እኮ ነው የሚመስለው።”

ፌቨን ወደ እኔ ዞረች። እኔ ደግሞ ማርቆስን ማረም አላስፈለገኝም።

“ነው” አልኩ።

ይኸው ነው። ፌቨን ተቀባይነት አገኘች፤ ከዝርዝሩ መጨረሻ አካባቢ። አሁን ሁለተኛ ዓመት ናት። አንድ ትምህርት ወድቃ ደግማለች፤ ፊት መሣል አሁንም ትጠላለች፤ አሁንም ጌም ትጫወታለች፤ አሁንም ያላለቀ ፕሮጀክት አላት። ጌም ሠዓሊ ያደርጋል ልላችሁ አይደለም። ጌም ቤት የገቡ ብዙ ልጆች ከጌም ቤት የሚወጡት ልክ እንደገቡ ሆነው ነው። ጌምንና ትምህርትን “ማመጣጠን” የምትሉት ነገር ግን ከውጭ ለሚያይ ሰው የተፈጠረ ቃል ነው። እኔ ሦስት ነገር ብዬ የቆጠርኩት፣ ጌሙ፣ ትምህርቱና ፕሮጀክቱ፣ ለእሷ አንድ ነገር ነበር። ሦስት ያደረገው የእኔ ቆሞ ማየት ነው።

እኔም ብዙ አልተለወጥኩም። አሁንም ዜና አንባቢውን አርማለሁ። ዘነበችን ግን ትቻታለሁ፤ ቅዳሜ ሳልፍ “ዳታ ደወለልሽ?” እላታለሁ፣ “ደወለ፣ ደህና ነው” ትለኛለች፣ እስማማለሁ። እውነት ማወቅ የምፈልግ ቀን ደግሞ በወላይትኛ እጠይቃለሁ። ማርታ አንድ ቀን፣ “ስድስቱንም ቅዳሜ አውቅ ነበር” አለችኝ፣ ድስት እያማሰለች። “ለምን አልነገርሽኝም?” ስላት፣ “መቼ ተቀመጥክ?” አለች። ፎርሙ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። የእኔ አውራ ጣት የያዘው ቦታ ላይ የእርሳስ ጥላሸት ቀርቷል።

አሁን እናንተ። ቤታችሁ ውስጥ፣ አልጋ ሥር ይሁን ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ልጃችሁ ከአንድ ቀልዳችሁ የተነሣ እንዳታዩት የደበቀችው ወረቀት አለ። ይህን ማንበብ አቁሙና እንድታሳያችሁ ጠይቋት። ስታሳያችሁ ምን እንደሚመስል አትንገሯት። አፋችሁን ዝጉና ተቀመጡ።